የቀስቃሿ እጅ

ባዶው ቱቦ ዛሬም ቀላ። ተመራማሪዋ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ተነሣችና ቱቦውን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዘችው። ዓይኗ አልዋሻትም። ቢጫ ሆኖ መዋል የነበረበት ፈሳሽ መጀመሪያ ብርቱካናማ፣ ቀጥሎም እንደ ሮማን ጭማቂ ቀይ ሆነ፤ ደግሞ የቀላው ቀስ እያለ፣ የሚያሾፍባት እየመሰለ ነበር።

ሥራዋ ሲነገር ቀላል ነው። መድኃኒት ሲመጣበት መድኃኒቱን ቆራርጦ የሚጥል ኢንዛይም የሚያመነጭ ባክቴሪያ አለ። የዚያ ኢንዛይም ስለቱ ዚንክ ነው፤ ከመካከሉ ዚንኩ ከወጣ እጀታው ብቻ የቀረ ቢላ ይሆናል። ነጣቂ የሚሏቸው ኬሚካሎች ዚንኩን መንጭቀው ይወስዱበታል፤ ያን ጊዜ በቤተ ሙከራው ቋንቋ ኢንዛይሙ «ተኛ» ይባላል። ዚንክ ሲመለስለት «ነቃ» ይላሉ። ቢጫው ፈሳሽ በመድኃኒቱ ምትክ የሚቀርብለት ነው፤ የነቃ ኢንዛይም ቆርጦት ያቀላዋል፣ የተኛው ግን እንዳለ ይተወዋል።

እርሷ ከብዙ ኬሚካሎች መካከል መርጣ ያወጣችው አዲስ ነጣቂ ነበር። ሥራውን በሚገባ መሥራቱ የሚታመነው በሁለት ቱቦዎች ነው። በሁለቱም ውስጥ ኢንዛይሙ ይተኛል፣ ነጣቂውም ታጥቦ ይወገዳል። ከዚያ ለአንደኛው ዚንክ፣ ለሌላው ንጹሕ ውሃ ብቻ ይጨመራል። ዚንክ ያገኘው ነቅቶ ሊቀላ፣ ውሃ ብቻ ያገኘው፣ «ባዶው» የሚሉት፣ ቢጫ ሆኖ ሊቀር ይገባል። የመጀመሪያው እንደ ደንቡ ቀላ። ሁለተኛው ግን ማንም ዚንክ ሳይሰጠው፣ ማንም ሳይጠራው፣ ብድግ ብሎ ይነቃል።

«ቀላ?» አላት ሳቂታው ከጎኗ ካለው ጠረጴዛ ቀና ሳይል። እንዲህ የሚሉት ጥርሱ ስለማይከደን ነው፤ ሥራው ከእርሷ ጋር ተመሳሳይ፣ ማዕረጉም እኩል ነበር።

«ቀላ።»

«አንቺን የመካነ መቃብር ዘበኛ ቢያደርጉሽ አንድ ሬሳ ተኝቶ አያድርም።»

«ሥራህን ሥራ።»

«ቀስቃሿ! እኔን እንኳ ጠዋት ጠዋት ብትቀሰቅሺኝ ምን አለበት? ማንቂያ ሰዓቴ ተበላሽቷል።»

ስሙ በዚያው ጸንቶባት ነበር። ዕቃ የሚያጥቡት ሴትዮ ሳይቀሩ «ቀስቃሿ፣ የአንቺን ቱቦዎች ለብቻ ነው የማጥበው?» ይሏታል። ፈገግ ትላለች፤ ሆዷ ግን አይስቅም። የሚያስቸግራት መቅላቱ ብቻ አልነበረም። ያንኑ ውሃ፣ ያንኑ ቱቦ፣ ያንኑ ነጣቂ ሳቂታው አንሥቶ ሲሠራበት ባዶው ቢጫ ሆኖ ይውላል። በእርሷ እጅ ብቻ ይነቃል። በእርሷም እጅ ቢሆን ሁልጊዜ አይደለም፤ አንዳንድ ቀን ያለ ምንም ምክንያት ቢጫ ሆኖ ይውልና ያገኘችው ሲመስላት በማግሥቱ መልሶ ይቀላል። ሁልጊዜ ቢቀላ ኖሮ ነጣቂው አይረባም ብላ ታርፍ ነበር። ሁልጊዜ ቢጫ ቢሆንማ ጉዳዩ ባለቀ። ይህ ግን አንድ ቀን ሰላም ብሎ በማግሥቱ እንደማያውቃት የሚያልፋት ጎረቤት ዓይነት ነበር፤ ምን እንደበደለችው አይነግራትም።

ውሃውን ለወጠች። ቱቦዎቹን አሲድ ውስጥ ዘፍዝፋ አሳደረች። የፒፔቷን ጫፎች ከአዲስ ካርቶን አወጣች። በመጨረሻ፣ ለራሷም መናገር የምታፍርበትን አንድ ነገር አደረገች፤ ሳቂታውን ጠረጠረችው። ቱቦዎቿን እርሱ በማይደርስበት መሳቢያ ቆልፋ፣ እርሱ እረፍት በወጣበት ቀን ብቻዋን ሠራች። ቀላ። እርሱ በማግሥቱ ሲመለስ ብስኩት አምጥቶላት ነበር፤ ብስኩቱን ስትበላ አንገቷን ደፍታ ነው።

ፕሮፌሰሩ ሰኞ ቢሮአቸው አስጠሯት። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ፣ ቅር ሲላቸው መነጽራቸውን የሚወለውሉ ሰው ናቸው። የዚያን ቀን ብዙ ወለወሉ።

«ሐሙስ ገምጋሚዎቹ ይመጣሉ» አሏት። «ሙከራውን ዓይናቸው እያየ እንዲሠራ ይፈልጋሉ። ባዶው ፊታቸው ከቀላ ሥራው እዚያው ይሞታል። ስለዚህ እስከዚያ ካልተስተካከለ የሚሠራው እርሱ ነው።»

«ሳቂታው?» አምልጧት ነው ቅጽል ስሙን የጠራችው።

«እርሱ። የሚሠራው እርሱ ከሆነ ደግሞ ሥራውም በእርሱ ስም መውጣቱ አይቀርም። ይገባሻል።»

«ነጣቂውን ያገኘሁት እኔ ነኝ።»

«ነጣቂውን ያገኘሽው አንቺ ነሽ፤ የምትቀሰቅሺውም አንቺ ነሽ።» መነጽራቸውን አደረጉ። «ንጽሕናሽን አልጠረጠርኩም። ግን እጅሽ አንድ ነገር እያደረገ ነው።»

«ምን ይመስልዎታል?»

«ቢመስለኝማ እነግርሽ አልነበር?»

ከቢሮው ስትወጣ እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። የራሷ እጆች ነበሩ። ያም ሆኖ ኮቷ ኪስ ውስጥ የከተተቻቸው የተዋሰቻቸው ያህል እየተጠነቀቀች ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሳቂታው ራሱ መላ አመጣ። «ጓንትሽን እንዳጠለቅሽ በንጹሕ ውሃ አለቅልቂና እጣቢውን ስጪኝ» አላት። ሰጠችው። የእርሷን እጣቢ ከተኛ ኢንዛይም ጋር ቀላቀለው፤ ቀላ። የራሱን እጣቢ ቀላቀለ፤ ቢጫ ነው። ጓንቶቹ ከአንድ ሳጥን የወጡ ናቸው።

ሳቂታው ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም። «እጅሽን ምን ትቀቢያለሽ?»

«ምንም አልቀባም።» «ቀ»ን ጠበቅ አድርጋ ነው የተናገረችው።

«ሎሽን? ቫዝሊን? ሴቶች እኮ…»

«ምንም አልቀባም አልኩህ! እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ሽታ ያለው ሳሙና እንኳ አልነካሁም።»

«እሺ፣ እሺ። ታዲያ ላብሽ ዚንክ ነው?»

እውነቷን ነበር። ቆዳዋ ከመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቆ እንኳ ምንም አታስነካውም። ፕሮፌሰሩ ነገሩን ሲሰሙ፣ እጇን ከቤት እስከ ጠረጴዛ የሚነካውንና የማይነካውን ሁሉ ጽፋ በስልክ እንድትልክላቸው አዘዟት። ጠዋት ከቤት ሳልወጣ እልካለሁ አለች።

በቤት ውስጥ ሦስት ናቸው፤ እርሷ፣ ታናሽ ወንድሟና እናታቸው። እናት ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም። አፋቸው ግን አልተሰበረም። ብዙ በመተኛት የጀርባቸው ቆዳ እየሳሳ ሲመጣ ሐኪሙ ነጭ ቅባት አዘዘ፤ ጠዋት ጠዋት እንዲቀቡ፣ ቆዳው እንዳይከፈት። ልጃቸው በመጀመሪያው ቀን ስትቀባቸው ወንድሟ መስታወት ይዞ ጀርባቸውን አሳያቸው። «ግድግዳ አደረጋችሁኝ እኮ!» አሉ እናት። «ኖራ ቀብታችሁ ለማን ልታከራዩኝ ነው?» ከዚያ ቀን ወዲህ ቅባቱ በዚያ ቤት ሌላ ስም የለውም። ኖራው የት ነው፣ ኖራው አልቋል፣ ኖራ አምጣ። ከመድኃኒት ቤት የሚመጣው ትልቁ ባልዲ አልጋ ሥር ይቀመጣል፤ ወንድም ከእርሱ እየጨለፈ ክዳን ባላት ትንሽ ጎድጓዳ ዕቃ ይሞላል፤ ልጅ ከእርሷ እየጠነቆለች ትቀባለች። ወንድሟ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ተረኛ ካልሆነ ጠዋት እርሱ ይቀባቸዋል። እናት ግን የእርሱን እጅ አይወዱም።

በማግሥቱ ጠዋት እናቷን ቀብታ፣ እጇን በሳሙና ፈትጋ ታጥባ፣ ሻይ አጠገቧ አድርጋ መልእክቱን ትጽፍ ጀመር። እያንዳንዱን ቃል እየመዘነች ነበር፤ በዚህ ጽሑፍ ላይ ሥራዋ ተንጠልጥሏል። ወንድሟ ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ዳቦ በአፉ፣ በትከሻዋ ላይ አንገቱን አሻግሮ ማንበብ ያዘ። ይህ ልማዱ ነው፤ ያናድዳታል።

«‹ጓንት ከማጥለቄ በፊት እጄን እታጠባለሁ። ምንም ቅባት አልቀባም።› እንዴ! እታለም?»

«ምን ሆንክ?»

«‹ምንም ቅባት አልቀባም›? ታዲያ እማዬን ማን ነው የሚቀባት፣ ጎረቤት ነው?»

«አልቀባም ነው የሚለው። ጠበቅ አድርገህ አንብበው።»

«የተጻፈው እኮ አይጠብቅም! እኔ ያየሁትን ነው ያነበብኩት። እኔ ስቀባት ቀን ቆጥረሽ ታመሰግኚኛለሽ ብዬ፣ ጭራሽ የራስሽንም ካድሽ?»

ከወዲያኛው ክፍል እናት ተጣሩ። «ምንድን ነው የምትጨቃጨቁት?»

«እማዬ፣ እታለም አልቀባም ብላ ለአለቃዋ ጽፋለች!»

«ውሸቷን ነው! አሁን አይደል እንዴ የለሰነችኝ።»

ተመራማሪዋ ስልኩን አየች። ዓረፍተ ነገሩ እርሷ እንደጻፈችው ተቀምጧል፤ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። ጠብቃ ስትነበብ እውነት፣ ላልታ ስትነበብ ውሸት። እርሷ ራሷ አትቀባም፤ ሰው ግን ትቀባለች። በአፏ ስትናገር አጥብቃ ስለነበር ሌላኛው ቃል ከዚያው ፊደል ሥር ተኝቶ እንደኖረ አላወቀችም። ኖራ ሲሉት ኖረው፣ ቅባት መሆኑንም ረስታዋለች።

«ኖራው» አለች።

«ኖራው ምን?»

«ከምን ነው የሚሠራው?»

ወንድሟ ዳቦውን ከአፉ አወጣ። «ከኖራ ነዋ።»

«ድንጋይ አቃጥለው ነው የሚሠሩት» አሉ እናት ከወዲያ። «ምነው፣ ግንበኛ አመጣሽ?»

ስልኩን አስቀመጠች። ወደ እናቷ ክፍል ገብታ ተንበረከከች፣ ከአልጋው ሥር ትልቁን ባልዲ ጎትታ አወጣች። ስያሜው በማሸጊያ ፕላስተር ግማሹ ተሸፍኗል። በጥፍሯ ላጠችው። ዚንክ ኦክሳይድ ይላል፤ በደማቅ ፊደል፣ ሰው እንዲያነበው ታስቦ። በየቀኑ የምትጽፈው፣ በየቀኑ የምትመዝነው፣ ከየት መጣ እያለች በውሃውና በጓደኛዋ ኪስ ስትፈልገው የነበረው ቃል አልጋ ሥር ተጋድሟል። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየላትም፤ ከጉሮሮዋ የወጣው ድምፅ የሁለቱንም አይመስልም ነበር።

«ምን አገኘሽ?» አሉ እናት አንገታቸውን ለማዞር እየሞከሩ። «አይጥ ነው?»

ከኖራው ጥቂት በእንጨት ጠንቁላ፣ በፕላስቲክ ላይ ፕላስቲክ ጠቅልላ፣ ቤተ ሙከራ ወሰደችና ለሳቂታው ሰጠችው። እርሷ ርቃ ቆመች። እርሱ አሟሟው፣ አጠለለው፣ ከጠለለው ጠብታ ለተኛ ኢንዛይም ሰጠው። ዓይናቸው ቱቦው ላይ እንዳለ ደም መሰለ።

«ምንድን ነው ያልሽኝ ይሄ?»

«ኖራ።»

«ኖራ ውስጥ ዚንክ የለም እኮ።»

«የለም።»

«ታዲያ?»

«ኖራ አይደለም።»

«አሁን ኖራ ነው አላልሽኝም?»

«ነው ብዬሃለሁ። አይደለም።»

ሳቂታው ቱቦውን አየ፣ እርሷን አየ፣ ከዚያ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ። «እቴ» አለ በለሆሳስ፣ «እኔ እኮ አንቺን ሳይሆን ራሴን መጠርጠር ጀምሬ ነበር። ቢጫ የሚሆንልኝ የማላውቀው ስሕተት እየሠራሁ ይሆን እንዴ ብዬ።» እርሷ መሳቢያውን የቆለፈችበት ቀን ትዝ አላትና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ነገሩ ሲታሰብ መንገዱ ግልጽ ነበር። ቅባቱ ውሃና ሳሙና አይፈራም፤ ጥፍር ሥር ይሸሸጋል፣ ጓንቱ ሲጠልቅ ደግሞ ውጩ በጣት ስለሚያዝ እዚያ ላይ ይቀራል። ቢጫ የዋለባቸው ቀናት ወንድሟ ጠዋት ቤት የነበረባቸው ሳይሆኑ አልቀሩም። ሳይሆኑ አልቀሩም እንጂ፣ ናቸው ለማለት አልደፈረችም። እርሱ እናታቸውን የቀባበት፣ ቱቦዋም የቀላበት አንድ ቀን በደንብ ትዝ ይላታል። የበር እጀታ ይሆን? ቦርሳዋ? ወይስ ያን ቀን የእናቷን ትራስ አቃንታ ወጥታ ይሆን? ያቺ ቀን ከሌሎቹ ጋር አልሰለፍ ብላ አስቸገረቻት።

ፕሮፌሰሩ ሁሉንም ሰምተው መነጽራቸውን ሳይወለውሉ ቀሩ። ደስ ብሏቸዋል። «በይ እንግዲህ» አሉ፣ «እስከ ሐሙስ እናትሽን አትንኪ።»

ሰውየው ክፉ አልተናገሩም። የሙከራ ደንብ ነው የተናገሩት። እርሷ ግን በደረጃው ላይ ቆማ ያንን ዓረፍተ ነገር ማጥበቂያና ማላያ ፈለገችለት፤ በየትኛውም አነባበብ ያው ነበር።

ማታ ለእናቷ ነገረቻቸው። ከመድኃኒት ቆራጩ ባክቴሪያ ጀምራ ዚንኩን፣ መተኛቱን፣ መንቃቱን፣ ኖራውን። እናት ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው ሰሙ።

«ስለዚህ አንቺን ያስቸገረሽ እኔ ነኛ?»

«አንቺ አይደለሽም እማዬ። ኖራው ነው።»

«ኖራው እኔ ላይ አይደል ያለው? በቃ እስከ ሐሙስ አልቀባም።» አጥብቀው ነው ያሉት።

«ትቀቢያለሽ! ቆዳሽ ይከፈታል። ወንድሜ ተረኛነቱን ይለዋወጣል።»

«እሱ እኮ የሚቀባኝ መሪ የጨበጠ መስሎት ነው። ወደ ግራ ያዞረኛል፣ ወደ ቀኝ ያዞረኛል።»

«እማዬ፣ ፍሬን የለሽም እንጂ አውቶቡስ ነሽ» አለ ወንድም ከበሩ።

ተሳሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ እናት እንደ ዘበት ጠየቁ። «ያ የምትታገዪው ተውሳክ፣ አያድርገውና፣ አንድ ቀን ጀርባዬ ላይ ቢያርፍ… አሁን እሱን የሚቀሰቅሰው ኖራ ነው አላልሽኝም? እናንተ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እሱኑ ነው የምትለስኑኝ። እኔን ነው የሚጠብቀኝ ወይስ እሱን ነው የሚቀልበው?»

አፏን ከፈተች። ቱቦ ውስጥ የሚሆነው ሁሉ ሰው ቆዳ ላይ አይሆንም ልትል ነበር። እውነት ነው፤ ግን መልስ አልነበረም። ሐኪሙ ያዘዘው ነው ልትል ነበር። ይህም እውነት ነው።

«አላውቅም» አለች።

«አታውቂም?» እናት ገረማቸው። «ይሄን ሁሉ ተምረሽ?»

«ይሄን ሁሉ ተምሬ።»

ሐሙስ ጠዋት በሩ ላይ ቆማ፣ እጆቿን ኋላዋ አጣምራ፣ ወንድሟ እናታቸውን ሲቀባ አየች። እናት «ቀስ! ግንብ አይደለሁም» ሲሉ እጇ ሳታዘው ከኋላዋ ፈልቀቅ አለ፤ መልሳ አጣመረችው። እናቷን ሳትስም ወጣች።

ገምጋሚዎቹ ፊት እጇን ታጠበች፣ ጓንት አጠለቀች፣ ሌላ ጓንት ደረበች። ኢንዛይሙን አስተኛች፣ ነጣቂውን አጠበች። ለአንዱ ቱቦ ዚንክ፣ ለባዶው ውሃ ሰጠች። ዚንክ ያገኘው ወዲያው ነቃ። ባዶውን ሁሉም ከበቡት። ሳቂታው ከንፈሩን ነክሶ ነበር። ቢጫ። ጥቂት ቆዩ። ቢጫ። አንደኛው ገምጋሚ ሰዓታቸውን አዩ። ቢጫ ነው። ፕሮፌሰሩ ትከሻዋን ነካ አደረጓት፤ ሥራው የእርሷ ሆኖ ቀረ።

ስትመኘው የኖረችው ቀለም ነበር። አሁን ስታየው ግን እናቷን ያልነካ እጅ ቀለም ሆኖ ታያት፤ ደስታዋን ከየት በኩል እንደምትይዘው ጠፋት።

ከገምጋሚዎቹ አንዷ፣ ሽበታም ሴት፣ ወረቀታቸውን እያጠፉ ጠየቁ። «ከሥራሽ ገና ግልጽ ያልሆነልሽ ምንድን ነው?»

ያዘጋጀችው መልስ ነበራት፤ ስለ ነጣቂው መጠን የሚናገር፣ ያማረ። «ቁስል የሚጠብቅ ቅባት» አለች በምትኩ፣ «ዚንክ ያለበት፣ ቁስሉ ውስጥ ላለው ለዚህ ባክቴሪያ ዚንክ ይሰጠዋል ወይስ አይሰጠውም? አዲሱ ነጣቂ እዚያ ላይ ቢሰጥ ቅባቱ ያሸንፈዋል ወይስ እርሱ ቅባቱን? አላውቅም። ቀጥዬ ልሠራው የምፈልገው እርሱን ነው።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ሴትዮዋ ግን ያጠፉትን ወረቀት መልሰው ዘረጉ። «ጥያቄው የማን ነው?»

«የእናቴ ነው።»

ፀሐይ ሳትገባ ቤት ደረሰች። እናት በጎናቸው ተኝተው ወደ በሩ ያዩ ነበር።

«ተኛልሽ?»

«ተኛ።»

«ተመስገን። በይ ነይ፣ ጀርባዬን እዪልኝ፤ ወንድምሽ ግማሹን ልስን ሳይጨርስ ነው የወጣው።»

ተቀመጠች። ወንድሟ ኖራውን የቀባው ክምር ክምር አድርጎ ነበር፤ መካከሉ ላይ አንዲት የሳሳች ቦታ ሳትነካ ቀርታለች፣ ቀላ ብላለች። የትንሿን ዕቃ ክዳን ከፈተች። ጣቷን ልትከት ስትል ቆም አለች። የእናቷ ጥያቄ መልስ አላገኘም፤ ያቺ ከሌሎቹ ጋር አልሰለፍ ያለችው ቀንም እንደቆመች ናት።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ እናት።

«ምንም» አለችና ጣቷን ኖራው ውስጥ ከተተች።